የማይሸጠው ቤት ገዢ

ኪሎንዞ ማለት በካምባ ቋንቋ ጫጫታ ማለት ነው። እናቱ ስትወልደው ጎረቤት ከጎረቤት ተጣልቶ ሰፈሩ ቀውጢ ሆኖ ስለነበር ነው አሉ ይሄን ስም ያወጡለት። እንግዲህ ጫጫታ የሚባል ሰው ጸጥ ያለ ሰፈር ቤት ልግዛ ብሎ ሲነሳ ነገሩ ገና ከመነሻው መሳቂያ ነው። ሚስቱ ምቡላ ግን የሚያስቅ ነገር አልታያትም። ምቡላ የምትፈልገው መተኛት ብቻ ነበር።

ናይሮቢ፣ ኡሞጃ ሰፈር ውስጥ የሚኖሩበት ቤት ከሥሩ መጠጥ ቤት፣ ከጎኑ ማታቱ የሚባለው ሚኒባስ ማቆሚያ፣ ከጀርባው ደግሞ በድምፅ ማጉያ ሰይጣን የሚያስወጣ ፓስተር አለው። መጠጥ ቤቱ ሲዘጋ ወያሎቹ ጩኸት ይጀምራሉ፤ ወያሎቹ ጋብ ሲሉ ፓስተሩ ይቀበላል። "ሰይጣኑ እኮ መሮት ከወጣ ቆይቷል፣ የቀረሁት እኔ ነኝ!" ትል ነበር ምቡላ። የደም ግፊቷ አልወርድ ብሎ ሐኪም ቤት ብትሄድ፣ ሐኪሙ መድኃኒት ጻፈላትና "ዋናው ግን እንቅልፍ ነው፣ በደንብ ተኚ" አላት። እሷም "እሱን ከየትኛው መድኃኒት ቤት ልግዛው?" ብላው ወጣች።

ኪሎንዞ ጡረታ ወጥቷል። ለቤት የሚሆን ገንዘብም ባንክ ተቀምጧል። ታዲያ ምን ይጠብቃል? ምቡላም የምትጠይቀው ይሄንኑ ነው። ነገሩ እንዲህ ነው፤ ሰውየው ዕድሜውን የፈጀው ለኢንሹራንስ ድርጅት የተጋጨ መኪና ሲመረምር ነው። ሥራህ ምንድን ነው ቢሉት፣ እውነቱን ከተናገረ፣ አለማመን ነው። "ፍሬን እንቢ አለኝ" የሚለውን ሹፌር አፉን ሲያሸት፣ "የቆመ መኪናዬን ገጩብኝ" ያለውን ባለሀብት ጎማ ሥር አፈር ሲጭር ነው የኖረው። ጡረታ ሲወጣ መሥሪያ ቤቱ የግድግዳ ሰዓት ሸለመው፤ እሱ ግን ሰዓቱን ከመስቀሉ በፊት ከኋላው ፈትቶ አየው።

ቤት ግዢውንም በዚያው ጠባዩ ገባበት። ናይሮቢ ደግሞ ለእንዲህ ዓይነት ሰው የተፈጠረች ከተማ ናት፤ አንዱን ቦታ ለሦስት ለአራት ሰው የሚሸጥ፣ የሞተ ሰው የሚያስፈርም፣ ዓይኑን በጨው አጥቦ የጎረቤቱን ቤት የሚያስጎበኝ ደላላ ሞልቶባታል። ቤት ያለው ሰው ሁሉ አጥሩ ላይ በትልቁ "ይህ ቤት አይሸጥም" ብሎ የሚጽፈው ቀለም ተርፎት አይደለም። ገበያ ደርሶ ሲመለስ ቤቱ ተሽጦ እንዳይጠብቀው ነው።

አንድ ጊዜ ሩይሩ ከተማ ቤት ሊያዩ ሄዱ። ሱፍ የለበሰ፣ ሽቶው ከሩቅ የሚጣራ ሰውዬ በር ላይ ተቀበላቸው። "የገዛ ቤቴ ነው፣ ልጆቼን ያሳደግኩበት፣ ለመሸጥ ልቤ እያለቀሰ ነው" አላቸው። ኪሎንዞ አንገቱን ነቀነቀና "እስቲ መታጠቢያ ቤት ግባና መብራቱን አብራልኝ" አለው። ሰውዬው ገባ። በቀኝ ግድግዳውን ዳበሰ፣ በግራ ዳበሰ፣ መስተዋቱን ሳይቀር ተጫነው። ማብሪያው ለካ ውጪ፣ ኮሪደሩ ላይ ነው።

"ልጆችህን በጨለማ ነው ያጠብካቸው?" አለው ኪሎንዞ።

ሰውዬው ስልክ የተደወለለት መስሎ ወጣ፣ እንደወጣም ቀረ። ያን ቀን ምቡላ ባሏን በኩራት አይታዋለች፤ ለእህቷም ደውላ አውርታለች። ክፋቱ ግን ኪሎንዞ ሌባውንም ደህናውንም በአንድ ዱላ ማባረሩ ነበር። የአንዱን ቤት ቀለሙ አዲስ ነው፣ ስንጥቅ ሸፍነውበታል ብሎ ተወው። የሌላውን ቀለሙ አሮጌ ነው፣ ገንዘብ ቸግሯቸዋል፣ የቸገረው ደግሞ ይዋሻል አለ። አንዲት ጡረታ የወጡ መምህርት ሰነዳቸውን ሁሉ ዘርግተው ቢያሳዩት "ሴትዮዋ ፈገግታ ያበዛሉ" ብሎ ጥሏቸው ሄደ። ምቡላ የዚያን ቤት ጓሮ ወዳው ነበርና መኪናው ውስጥ እስኪገቡ ጠበቀች።

ከዚያ ተናገረች። "የካሉኪ አባት" አለችው፤ ካሉኪ ሞምባሳ የተዳረች ልጃቸው ናት። "ለፋሲካ ቤት ካልገዛህ እኔ ዎቴ፣ እህቴ ጋ እሄዳለሁ። ነግሬሃለሁ። አንተ ከጥርጣሬህ ጋር እዚሁ ኑር፤ ሁለታችሁ ትስማማላችሁ።"

ምቡላ የምትፎክር ሴት አይደለችም። ኪሎንዞ ያን ቀን ደነገጠ፣ እውነቴን ነው፣ ደነገጠ።

በሳምንቱ ብራያን የሚባል ጫማው የሾለ ደላላ አግኝተው፣ ሦስቱም በኪሎንዞ አሮጌ ፔጆ ወደ ማታሲያ ሄዱ። ማታሲያ ከንጎንግ ተራራ ግርጌ ነው፤ ነፋሱ ቀዝቃዛ፣ መንገዱ በጥድ የታጠረ፣ ላም መሀል መንገድ ብትቆም ማንም የማያጣድፋት ሰፈር። ብራያን አዲስ ስለተሠሩ ቤቶች እየለፈለፈ ሳለ ኪሎንዞ ድንገት ፍሬን ያዘ።

"ምነው ቦስ፣ ገና አልደረስንም እኮ።"

ኪሎንዞ በጣቱ አመለከተ። ነጭ ግንብ አጥር ላይ በቀይ ቀለም፣ ከሩቅ በሚነበብ ጽሑፍ፣ "ይህ ቤት አይሸጥም" ይላል። ከአጥሩ በላይ ቀይ ጣራና አንድ ትልቅ የአቮካዶ ዛፍ ይታያል።

"የምገዛው ይሄን ነው" አለ ኪሎንዞ።

ብራያን ሳቀ። ማንም ሳይከተለው ሲቀር ሳቁን ሰበሰበ።

"የካሉኪ አባት፣ አይሸጥም ይላል እኮ!" አለች ምቡላ።

"ለዚህ ነዋ! ሌባ ሊሸጠው ያሰበው ቤት ላይ አይሸጥም ብሎ ይጽፋል? አይጽፍም! ይሄን የጻፈ ሰው ባለቤት ነው። እስከዛሬ ካየናቸው ቤቶች ሁሉ ባለቤት ያለው ይሄ ብቻ ነው።"

ምቡላ ጽሑፉን ደግማ አነበበችው። የሚያናድደው፣ ነገሩ ትንሽ እውነት ይመስላል። ብራያን ግን በሩን ከፍቶ ወረደ። "ቦስ፣ አንተን የሚያግዝህ ደላላ ሳይሆን ሐኪም ነው" አለና በሾለ ጫማው አቧራ እያስነሳ ማታቱ ፍለጋ ሄደ።

ኪሎንዞ በሩን አንኳኳ። ከውስጥ ውሻ ጮኸ፣ ከውሻው ኋላ የአሮጊት ድምፅ መጣ።

"ማነው?"

"ቤትዎን ልንገዛ መጥተን ነው።"

"ማንበብ አትችሉም?"

"እንችላለን።"

"ምን ይላል?"

"አይሸጥም ይላል።"

"ታዲያስ?"

"ለሱ ብለን ነው የመጣነው።"

 ከዚያ መቀርቀሪያው ተንቋቋና አጭር፣ ቀጥ ያሉ፣ ሹራብ በሹራብ ላይ የደረቡ አሮጊት ብቅ አሉ። ዋንጌቺ ይባላሉ፤ ሰፈሩ ሁሉ ግን ሾሾ ነው የሚላቸው፣ አያቴ ለማለት። ኪሎንዞን ከእግር እስከ ራሱ አዩትና "እንደዚህ ዓይነት ደረቅ አይቼ አላውቅም" አሉ። "ግቡ፣ ሻይ ተጥዷል።"

ሶፋው ላይ በእጅ የተሠራ ዳንቴል ተነጥፏል። ሾሾ ወተት የበዛበት ሻይና ማንዳዚ፣ በዘይት የተጠበሰ ዳቦ፣ አቀረቡና ስለ ቤቱ ማውራት ጀመሩ፤ ባላቸው ድንጋዩን አንድ በአንድ መርጠው እንዳሠሩት፣ ባልየው ከሞቱ በኋላ ልጆቹ አንዱ ኪሱሙ፣ አንዱ ኤልዶሬት፣ አንዱ ካናዳ እንደገቡ። ኪሎንዞ ጆሮውን ሰጥቶ፣ በዓይኑ ግን የጣራውን ጥግ ለጥግ እየመረመረ ያዳምጣል። ከውጪ የሚሰማው የነፋስና የዶሮ ድምፅ ብቻ ነው።

ድንገት ወደ ጎን ዞር ቢል ምቡላ አንገቷ ወድቋል፣ እጇ ላይ የያዘችው ማንዳዚ መሬት ደርሷል።

"ምቡላ! ኧረ ሚስቴ!"

"ቀስ በል!" አሉት ሾሾ። "ምን ያስጮህሃል፣ ተኝታ ነው።"

እውነትም ተኝታለች። አፏን ከፈት አድርጋ፣ ጫማዋን ሳታወልቅ፣ በሰው ቤት፣ ሻይዋን ሳትጨርስ። ኪሎንዞ ዝም ብሎ አያት። ለካ ፊቷ እንዲህ ነበር። ግንባሯ ላይ ሁሌ የሚያየው መስመር ዕድሜ መስሎት ነበር፤ አሁን የለም፣ ተዘርግቷል። እሱ እንደሆነ ከቦምብ ሥር የሚተኛ ሰው ነው፣ ስሙም ጫጫታ አይደል? ሁሌ ራሱን ትራስ ላይ ሲጥል እሷም የምትተኛ ይመስለው ነበር።  ይሄን ቤት ካልገዛሁ ሰው አይደለሁም አለ በልቡ።

ከዚያ ወዲያ ቅዳሜ ሲመጣ ፔጆዋ ወደ ማታሲያ ናት። ኪሎንዞ ዋጋ ይጠራል፣ ሾሾ "አይሸጥም" ይላሉ። ሌላ ቅዳሜ ዋጋ ይጨምራል፣ እሳቸው "ልጄ፣ አይሸጥም አልኩህ፣ በዚያ ላይ ማንዳዚውን አልነካኸውም" ይላሉ። ሲመለሱ መንገድ ላይ ኪሎንዞ በደስታ መሪውን ይመታል። "አየሻቸው? ዋጋ ስጨምር ሽፋሽፍታቸው እንኳ አልተንቀሳቀሰም! በሕይወቴ እንደዚህ ዓይነት ሐቀኛ ሻጭ አላየሁም!"

"ሻጭ አይደሉማ" ትላለች ምቡላ፣ ከመቀመጫው ተደግፋ።

ቤቱን ደግሞ ለጉድ መረመረው። ግድግዳውን በሳንቲም እያንኳኳ ባዶ ድምፅ ፈለገ። ጣራ ሥር ገብቶ የሸረሪት ድር ለብሶ ወጣ። ዝናብ በወረደ ቀን ውሃው ወዴት እንደሚፈስ ለማየት ጓሮው ውስጥ እንደ ጉቶ ቆሞ በሰበሰ። ጎረቤት ጠየቀ፤ ጎረቤቶቹ ስለ ሾሾ ሲጠየቁ ፈገግ ይሉና "ጥሩ ሴት ናቸው፣ በጣም ጥሩ" ብለው ቶሎ በራቸውን ይዘጋሉ። ይሄ ትንሽ ከነከነው። መሬት መዝገብ ቤት ሄዶ ግን ካርታው በስማቸው፣ ንጹሕ፣ ዕዳ የሌለበት ሆኖ አገኘው።

አንዱን ሲመረምር አንዱን ይጠግናል፤ ሰውየው የሚንጠባጠብ ቧንቧ እያየ ማለፍ አይችልም። የውሃ ታንከሩን ቧንቧ ቀየረ፣ የዶሮ ቤቱን በር አቃና፣ የጣራውን አሸንዳ ጠረገ። ባዶ እጅ መሄድ ነውር ነውና ስኳሩን፣ ሻይ ቅጠሉን፣ የበቆሎ ዱቄቱን ይዞ ይሄዳል። ምቡላና ሾሾ ወጥ ቤት ገብተው ድንች እየላጡ ሲሳሳቁ ይሰማዋል። ከምሳ በኋላ ምቡላ ከኋላ ካሉት ሁለት ክፍሎች አንዷ ውስጥ፣ የካናዳው ልጅ አልጋ ላይ፣ ማንም የማይቀሰቅሳት እንቅልፍ ትተኛለች። ስትነሳ ፊቷ ወዛ ወዛ ብሎ፣ ደግሞ ትቀልዳለች። ኪሎንዞ ይሄን ባየ ቁጥር ዋጋ ይጨምራል።

ፋሲካ ሊደርስ ሲል ኪሎንዞ ጨነቀው። አንድ ቅዳሜ ኮፍያውን አውልቆ ሾሾ ፊት ቆመ። "እንግዲህ እኔ ከዚህ በላይ አልችልም። ዛሬ እንቢ ካሉኝ ሁለተኛ አልመለስም፤ ሚስቴም ዎቴ መሄዷ ነው።"

ሾሾ ሲኒያቸውን አስቀመጡ። ወደ ምቡላ አዩ፣ ምቡላ ወደ ሲኒዋ አየች።

"እሺ" አሉ ሾሾ ቀስ ብለው። "ቦርድ እንቅረብ።"

ኪሎንዞ ሊዘል ምንም አልቀረው። የመሬት ቦርድ ማለት ገዢና ሻጭ ፊት ለፊት ቀርበው፣ ሻጭ "ወድጄና ፈቅጄ ነው" ብሎ በአፉ ካልተናገረ በቀር የገጠር መሬት ሽያጭ የማይጸናበት ጉባኤ ነው። "ታዲያ ቦርዱ ሳይፈቅድ ሳንቲም ቀብድ አልከፍልም!" አለ ኪሎንዞ፣ እዚህ ላይ ተንኮል ካለ ልያዘው ብሎ።

"እኔም ሳንቲም አልቀበልም" አሉ ሾሾ።

ኪሎንዞ ያን ቀን እስከ ኡሞጃ ድረስ እየዘፈነ ነዳ። እንዲህ ያለ ሰው መላእክት መሀል እንጂ ናይሮቢ አይገኝም አለ።

ቦርዱ የተሰበሰበ ዕለት ሾሾን ከቤታቸው በፔጆ ይዘዋቸው ሄዱ። የጽሕፈት ቤቱ ኮሪደር በሻጭና ገዢ፣ በአክስትና አጎት፣ ጡት በሚጠባ ሕፃን ተጨናንቋል። ስማቸው ሲጠራ ገቡ። በረጅሙ ጠረጴዛ ዙሪያ ሊቀ መንበሩና ከዘራ የያዙ የአገር ሽማግሌዎች ተቀምጠዋል። ሊቀ መንበሩ ቀና ሲል ሾሾን አየና መነጽሩን አወለቀ። አንዱ ሽማግሌ የሳቅ ይሁን የጉንፋን የማይታወቅ ሳል ያዛቸው።

"ሾሾ ዋንጌቺ! ዘንድሮም መጡ?"

"መጣሁ ልጄ። እናትህ ደህና ናት?"

"ደህና ናት። የዘንድሮው ገዢ ማነው?"

ጠረጴዛው ሁሉ ዞሮ ኪሎንዞን አየው። ኪሎንዞ በሥራ ዘመኑ ያን አስተያየት ያውቀዋል፤ እሱ ራሱ መኪናቸው ተጨራምቶ ካሳ የማያገኙ ሰዎችን የሚያይበት ነው። እጁ ላይ ያለው ኮፍያ ድንገት ከበደው። "የዘንድሮው" ማለት ምን ማለት ነው?

ሊቀ መንበሩ ጉሮሮውን ጠረገ። "ሾሾ፣ ቤትዎንና መሬትዎን ለኚህ ሰው ለመሸጥ ወደዋል፣ ፈቅደዋል?"

"ኧረ እኔስ አልፈቀድኩም" አሉ ሾሾ።

"እንደ ዓምናው" አለ ሊቀ መንበሩ ለጸሐፊው። "ቀጣይ!"

እንግዲህ ጉድ ፈላ። ኪሎንዞ እንዴት ከዚያ ክፍል እንደወጣ ራሱም አያውቅም። ደጅ፣ ከዛፉ ሥር ያለው አግዳሚ ወንበር ላይ ሾሾ ተቀምጠው ከቦርሳቸው ሙዝ አውጥተው ይልጣሉ። አጠገባቸው ምቡላ አለች።

"እኔን!" አለ ኪሎንዞ። "እኔን ኪሎንዞን! ዕድሜ ልኬን ማንም አታሎኝ አያውቅም!"

"ማን አታለለህ?" አሉ ሾሾ። "ግድግዳዬ ላይ ምን ብዬ ነው የጻፍኩት?"

"...አይሸጥም።"

"በር ላይ ምን አልኩህ?"

"አይሸጥም።"

"በየቅዳሜው?"

ኪሎንዞ ኮፍያውን በእጁ አዞረ።

"ከገንዘብህ የነካሁት አለ?"

"ስኳር!" አለ ኪሎንዞ፣ ሌላ ሲያጣ።

"አብረን ጠጣነው።"

"የታንከሩ ቧንቧስ!"

"ይንጠባጠባል ብለህ የፈታኸው አንተ ነህ። እኔ ባልዲ አስቀምጬለት በሰላም እኖር ነበር።"

ሰውየው ኩም አለ። ይሄ የካሳ ጥያቄ ሆኖ እሱ ጠረጴዛ ላይ ቢመጣ፣ ገና አንብቦ ሳይጨርስ ውድቅ ያደርገው ነበር። ጉዳት የለ፣ ውሸት የለ፣ በዚያ ላይ ማስጠንቀቂያው በቀይ ቀለም ተጽፏል። "ታዲያ ለምን እሺ ብለው ቦርድ ድረስ አመጡኝ?" አለ፣ ድምፁ ወርዶ።

ሾሾ ሙዛቸውን ለሁለት ገመሱና ግማሹን ሰጡት። "ሁለተኛ አልመለስም አልከኛ። አንድ ሁለት ቅዳሜ እንዲጨመርልኝ ብዬ ነው፤ ቦርዱ ወረፋ አለው። ልጆቼ ለገና ይደውላሉ፤ ደህና ናቸው፣ አልወቅሳቸውም። ያን ጽሑፍ ካስጻፍኩ ወዲህ ግን በሬ ተንኳኩቶ ያልዋለበት ሰሞን የለም። ይሸጣል ብዬ ብጽፍ ማን ይመጣል? ደላላ። አይሸጥም ስል ግን እንዳንተ ያለ ደረቅ ይመጣል፣ ሻይ ይጠጣል፣ ጣራ ይጠግናል። ውሸት አልተናገርኩም፤ ሰው የተጻፈውን አያምን፣ እኔ ምን ላድርግ?"

ኪሎንዞ ወደ ሚስቱ ዞረ። ቢያንስ እሷ አብራው እንድትናደድ ፈለገ። "ሰማሽልኝ የካሉኪ እናት?"

ምቡላ ሻርፗን አስተካከለች። "ሰምቻለሁ። ለኔማ በሁለተኛው ቅዳሜ ነው የነገሩኝ።"

"...ታውቂ ነበር?"

"አውቅ ነበር።"

"ጣራ ሥር ስገባ ታውቂ ነበር?"

"አውቅ ነበር።"

"ዝናብ ላይ ስቆም?"

"ጃንጥላ ሰጥቼህ እንቢ አልክ እንጂ።"

"ለምን? ለምን አልነገርሽኝም?"

"ብነግርህ ቅዳሜ ይቀርብኝ ነበራ" አለች ምቡላ። ቁጣ አልነበረባትም፤ ከቁጣም የባሰው ይሄው ነው። "አንተ እንደሆንክ ቤት አትገዛም፣ የካሉኪ አባት። ይሄን ካወቅኩ ቆየሁ። የትም ወስደህ ልትመረምር ነው፣ መርምረህም ልትተው ነው። እዚህ ቢያንስ አንተ ስትመረምር እኔ እተኛለሁ።"

ኪሎንዞ ግማሽ ሙዙን እንደያዘ ቆሞ ቀረ። አሮጊቷ ቢያታልሉት፣ ይሁን፣ ሳቅ ነው፣ ይረሳል። ይሄኛው ግን ልቡ ውስጥ ገባ። ሚስቱ በሱ ተስፋ ቆርጣለች፤ ቆርጣም ሳትጨቃጨቅ፣ ሳታስቀይመው፣ ከምርመራው ላይ እንቅልፏን ስትቆራርስ ከርማለች። አፈረ፤ ዕድሜውን ሙሉ ሰው ሲያሳፍር የኖረ ሰው እንዴት እንደሚታፈር አያውቅበትም ነበርና ወዴት እንደሚያይ ጠፋው።

"በመኪናህ አምጥተኸኛል፣ በመኪናህ መልሰኝ" አሉ ሾሾ፣ ልጣጩን በወረቀት እየጠቀለሉ። "ዶሮዎቼ አልበሉም።"

ተነሱ። ሾሾ ከፊት፣ ምቡላ ከኋላ ተቀመጡ። ንጎንግ ገበያን አለፉ። ወደ ማታሲያ የሚያስገባው መንገድ ላይ፣ ጥዱ ሲጀምርና የመኪና ጥሩምባ ሲርቅ፣ ከኋላ ቀጭን ማንኮራፋት ተሰማ። ኪሎንዞ በመስተዋቱ አየ። ምቡላ ራሷን መስኮቱ ላይ አስደግፋ ተኝታለች።

ፔጆዋን ነጩ አጥር ጋ ቀስ አድርጎ አቆመና ሞተሩን አጠፋ። ሾሾ በሩን ሊከፍቱ እጃቸውን ሲዘረጉ ያዛቸው፤ የዚያ መኪና በር ሲከፈት የሞተ ይቀሰቅሳል።

"ሾሾ" አለ በሹክሹክታ።

"አይሸጥም" አሉ እሳቸውም በሹክሹክታ።

"ማን ግዢ አነሳ። እነዚያ የኋላ ክፍሎች... ይከራያሉ ወይ?"

ሾሾ ዞረው ትክ ብለው አዩት። "እስከዛሬ አንተ ኪራይ ብለህ ጠይቀኸኝ ታውቃለህ?"

"አላውቅም።"

"ከበፊቶቹም የጠየቀኝ የለም። ሁሉም ካልገዛሁ ሞቼ እገኛለሁ ነው። እኔንም አውጥተው!" ሹክሹክታቸው ሊያመልጣቸው ሲል አፋቸውን በእጃቸው ያዙ። ወደ ኋላ አየት አደረጉ፤ ምቡላ አልተነቃነቀችም። "መቼ ትመጣላችሁ?"

ኪሎንዞ አፉን ከፈተ። ኪራዩ ስንት ነው? ውሉ ለስንት ዓመት ነው? ውሃው በማን ስም ይከፈላል? የካናዳው ልጅ አልጋዬን ብሎ ቢመጣስ? እርስዎ አንድ ነገር ቢሆኑ ልጆቹ አያስወጡንም ወይ? የወረቀት ማስረጃስ? ሁሉም ምላሱ ላይ ተሰልፈው መጡ፤ ሁሉም ደግሞ ትክክለኛ ጥያቄዎች ነበሩ። ከኋላ ያ ቀጭን ማንኮራፋት ተሰማ። ኪሎንዞ አፉን ዘጋ። እንደገና ከፈተው።

"ሐሙስ" አለ።

"ሐሙስ ጥሩ ነው" አሉ ሾሾ። "ሐሙስ ድንችና በቆሎ ደቁሼ ሙኪሞ እሠራለሁ።"

ከዚያ ሁለቱም እጃቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ቁጭ አሉ። ውሻው አጥሩ ውስጥ ሆኖ እመቤቱን ሸትቶ ያለቅሳል፣ ሾሾ ከመስኮት ጣታቸውን እየነቀነቁ ዝም ያሰኙታል። በመጨረሻ ምቡላን የቀሰቀሳት አንገቷ ነው። ዓይኗን እያሸች ቀና አለች።

"ደርሰናል እንዴ? ምን ሆናችሁ ነው ቁጭ ያላችሁት?"

"ሐሙስ ዕቃችንን እናመጣለን" አለ ኪሎንዞ፣ ወደፊት እያየ። "የኋላ ክፍሎቹን ተከራይተናል።"

"ተከራይተናል? በስንት?"

"አልጠየቅኩም።"

"ለምን ያህል ጊዜ?"

"አልጠየቅኩም።"

"ውሉስ? ወረቀቱስ የካሉኪ አባት?"

"ወረቀት የለም።"

ምቡላ ከኋላ ወንበር ተንጠራራችና መዳፏን ግንባሩ ላይ አደረገች። ትንሽ አቆየችው፣ ከዚያ በእጇ ጀርባ ደግሞ አየችው።

"ትኩሳት የለህም" አለች። እጇን ግን አላነሳችም።